አራት ሆነን በአንድ ስልክ

ሮብ ገበያ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፍሥሐ የኋላሸት
በርገን፣ ኖርዌይ

የእግዚአብሔር ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኔ በዕድሜዬ ልክ ደህና ነኝ። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ድንቹን ውርጭ ነክቶታል። ሰላምታው እዚህ ላይ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነውና ይህንኑ አውቀህ አንብበው።

የልጅ ልጄ ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቀ ፀሐይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ዓመት እንደሆነች ታውቃለህ። ስልኩን የላክህላት አንተ ነህ። ዘንድሮ ኮሌጁ የኢኮኖሚክሱን ትምህርት ወደ ኢንተርኔት አዛውሮታል። መምህሩ ክፍል መግባት ትቶ ትምህርቱንም ፈተናውንም ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጠዋል። ተማሪው እንዴት እንደሚጀምር የሚያስረዳ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ግርጌው ላይ «አዘጋጅ፦ ፍሥሐ የኋላሸት» ይላል። ሥራነሽ ገልብጣ አምጥታልኝ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ኮምፒውተርዎን ወይም ስልክዎን ይክፈቱ» ብሎ ይጀምራል። የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አንዲት መስመር አልጻፍህም።

ከዚህ ከሮብ ገበያ አብረዋት የሄዱ ሦስት ልጆች አሉ፤ ዘሪቱ፣ አብይና የኔአለም። ሦስቱም እንዲህ ያለ ስልክ የላቸውም። የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ አንድ ሰው ዘንድ ነው፤ ሰውየው ሲኖር መብራት የለም፣ መብራት ሲኖር ሰውየው የለም። ሲጨንቃቸው እኔን ጠየቁኝ። «አንድ ዳዊት ለስንት ሰው ይበቃ ነበር? መሐል አስቀምጡትና ዙሪያውን ተቀመጡ» አልኳቸው። ተቀመጡ። ሥራነሽ በስሟ ገጹን ትከፍታለች፣ አራቱም ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከዚያ የተስማሙበትን መልስ ይነካሉ። መጽሐፍ የሚገዛው አንድ ሰው ነው፤ ስሙም የሚጻፈው የእሱ ነው፤ ያነበበው ሁሉ ግን ተምሯል። ልጆቹ የመሰላቸው ይኸው ነው። እኔም የሚመስለኝ ይኸው ነው።

አሁን ኮሌጁ «ሥራነሽ ሁሉን ሠርታለች፤ ሦስቱ አንድ ቀን እንኳ አልገቡም» ብሎ ለሦስቱ ዜሮ ሰጣቸው። አብረን ነበርን ብለው ቢናገሩ ደግሞ ነገሩ ማጭበርበር ተባለ። አራቱም ሊባረሩ ይችላሉ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሚያዝያ 19 ቀን ይቀመጣል።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የጻፍከው ወረቀት ስልክ የሌለውን ተማሪ ረስቶታል፤ ይህን ራስህ ጽፈህ፣ በእጅህ ፈርመህ፣ ለኮሚቴው ላክ። አትደውልልኝ፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ አልተባለም ይባላል። በኢሜልም አትላክ፤ ቀለም ያልነካው ፊርማ ለእኔ ፊርማ አይደለም።

አጎትህ ገዳሙ አወቀ


በርገን፣ የካቲት 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ ገዳሙ አወቀ
ሮብ ገበያ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ውርጩ ድንቹን ነካው ስላሉኝ አዝኛለሁ። እዚህ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይዘንባል፤ የእኛን አገር ክረምት እንደ ዘወትር ልብስ የሚለብሱት ይመስላሉ። መጪውን ጾም በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽምዎ። ለመላው ቤተሰብና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ደብዳቤዎን አነበብኩት፤ ደጋግሜም አነበብኩት። ልጆቹ ላይ የደረሰው ያሳዝናል። ነገር ግን ጋሼ፣ እንዲረዱኝ የምፈልገው ነገር አለ። ድረ ገጹ የእኔ አይደለም፤ ለኮሌጁ የሰጠው እዚህ የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈተናውን ያወጣሁት፣ ዜሮውን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። የእኔ ሥራ አዲስ ተማሪዎች ገጹን እንዴት እንደሚከፍቱ፣ የት ገብተው ምን እንደሚነኩ ማስረዳት ብቻ ነው። ወረቀቱን ዩኒቨርሲቲው ለሌሎች አገሮችም ሊያስተረጉመው ነው፤ አለቆቼ በጣም ወደውታል። በዚህ ጊዜ «ወረቀቴ ጎደሎ ነው» ብዬ ፈርሜ መላክ ቀላል አይደለም። የሥራዬን ሁኔታ በደብዳቤ ማስረዳት ያስቸግራል።

ይልቅ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በመዝገቡ መሠረት ሥራነሽ ምንም ጥፋት የለባትም። ገጹ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። ኮሚቴው ሲጠይቃት «ብቻዬን ነው የሠራሁት» ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ውጤቷም ይጸናል። ሦስቱ ልጆች ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ሊደግሙት ይችላሉ። ለእነሱ ሦስት ስልክ እልካለሁ፤ ይህን እንደ ግዴታዬ እቆጥረዋለሁ።

ለሥራነሽ ደውዬ ይህንኑ ነግሬያታለሁ። መልሷ በደንብ አልተሰማኝም።

በጤና ያቆይልኝ።
ልጅዎ ፍሥሐ


ሮብ ገበያ፣ የካቲት 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለፍሥሐ የኋላሸት

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጤንነቴን ጠይቀሃል፤ ደብዳቤህን እስካነብ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ሥራነሽ ቅዳሜ መጥታ ነበር። መደብ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ሳታወልቅ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ ጋሽ ፍሥሐ ደውሎልኝ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«ብቻዬን ሠራሁ ብል ይሻላል አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁበት።»

መልሷ ያልተሰማህ በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው አሁን በቀለም ሰማህ።

አንተ ሰው፣ ተማሪ የምታስጀምር ነህ ወይስ ተማሪ የምታስዋሽ? አንዲት ልጅ አጠገቧ የተቀመጡ ሦስት ጓደኞቿን «አላየኋቸውም» እንድትል ባሕር ማዶ ሆነህ መከርካት። ከዚያ በኋላ ዘሪቱን ገበያ ላይ ስታገኛት በየት በኩል ትለፍ? ይህን መክረህ ስታበቃ ስልክ እልካለሁ ትላለህ። አትላክ። ዛሬ የሚመጣ ስልክ ባለፈው መስከረም አያነብላቸውም። ለልጅ መስጠት የምትፈልግ ከሆነ ከነገሩ በኋላ ስጥ፤ አሁን ከሰጠህ የአፍ መዝጊያ ነው።

የረሳኸውን ላስታውስህ። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ በቃል የማውቀውን ዳዊት ገዝቼ፣ የማውቀውን ቃል ከማላውቀው ፊደል ጋር እያገጣጠምኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ከዚያ አንተን፣ ወንድምህንና የጎረቤት ልጆችን በዚያው በአንዱ ዳዊት ዙሪያ አስቀመጥኳችሁ። ታናሽ ስለነበርክ የደረሰህ ቦታ ከመጽሐፉ ማዶ ነበር። ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚታይህ። እንደዚያው ሆነህ ለመድከው። ኋላ ትምህርት ቤት ገብተህ መምህሩ መጽሐፍ አቅንቶ ቢሰጥህ ማንበብ አቅቶህ እያለቀስክ መጣህ። እናትህ ስትስቅ «አጎቱ ልጄን ዘቅዝቆ አስተማረብኝ» ትል ነበር። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሰው ምን እንደሆነ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ቢኖር አንተ ነህ። አንተው ወረቀት ጽፈህ «ስልክዎን ይክፈቱ» ትላለህ። የማንን ስልክ?

«አለቆቼ ወደውታል» ብለሃል። ወደውት ይሆናል፤ የሚወዱት ሰዎች ሁሉ ስልክ አላቸውና።

ለኮሚቴው ካልጻፍክ ለእኔም አትጻፍ።

ገዳሙ አወቀ


በርገን፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ገዳሙ አወቀ

ጋሼ፣ ለበዓሉ እንኳን በሰላም አደረሰዎ። ብዙ ሳልጽፍ መቆየቴን አውቃለሁ። ጀምሬ የቀደድኩት ብዙ ነው።

ለኮሚቴው የጻፍኩት ዛሬ ጠዋት በፖስታ ሄዷል። ግልባጩ ከዚህ ጋር አለ። መመሪያው ስልክና ኮምፒውተር የሌላቸውን ተማሪዎች እንዳላሰበ፣ ጉድለቱም የእኔ እንደሆነ ጽፌያለሁ። በእጄ ፈርሜያለሁ።

ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። እዚህ ያለኝ ሥራ በኮንትራት ነው። ኮንትራቱ የሚታደሰው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነበር። ዛሬ ይህንኑ ደብዳቤ ለአለቃዬም ሰጥቻታለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በኢሜል ቢሆን ደብዳቤው ዛሬውኑ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ይሆን ነበር። እርስዎ በቀለም አሉ። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ እስከ ሚያዝያ 19 ለመድረሱ ዋስትና የለኝም ብላኛለች። ላስቀይምዎ ብዬ አይደለም።

ፍሥሐ


ሮብ ገበያ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለፍሥሐ የኋላሸት

አትጻፍ ያልኩህ ሰው የምጽፍልህ የሆነውን ማወቅ ስላለብህ ነው። እስከ ዛሬ ከአንተ ምንም አልደረሰም። ኮሚቴው ከትናንት ወዲያ ተቀመጠ፤ ከአንተ በኩል አንድም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

በጠዋቱ መኪና ማርቆስ ገባሁ። የበሩ ጠባቂ «ወላጅ አይገባም» አለኝ። «ወላጅ አይደለሁም፤ በአንድ ስልክ ተማሩ ብዬ ያዘዝኩት ሰው ነኝ፤ ጥፋት ካለ የሚጠየቀው ውጭ ቆሞ ነው እንዴ?» አልኩት። እሱ ሲያስብ ገባሁ።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ወጣት ነው፣ አነጋገሩ ግን ጨዋ ነው። መጀመሪያ ሥራነሽን ጠየቃት።

«ፈተናዎቹን ብቻሽን ነው የሠራሽው? ብቻሽን ከሆነ በአንቺ በኩል ጉዳዩ ያልቃል። በደንብ አስበሽ መልሺ።»

አንተ የመከርካትን በር ከፍቶ ጠበቃት። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዓይኔን አይታ ከመለሰች መልሱ የእኔ ይሆናል።

«አራት ሆነን ነው» አለች።

አንዲት ሴት መምህርት ከጎኑ ነበረች። «ይህን ለጓደኞችሽ ብለሽ እንደማትናገሪ በምን እናውቃለን?» አለቻት። ሥራነሽ ማስረጃ ከየት ታመጣለች? ገጹ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው።

ሰብሳቢው የራሱን ስልክ አወጣ። የኢኮኖሚክሱን ገጽ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ ራሱ አድርጎ አጋደመው። ዘሪቱ ከፊት ለፊቱ ቆማለች።

«አንቺ፣ ይህን ገጽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ዘሪቱ ባለችበት ቆማ፣ ጣቱ ያረፈበትን እንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረች። ሳትንተባተብ፣ ሳታጎነብስ። አንዱን አንቀጽ ጨርሳ «ቀጣዩን ለማየት እዚያ ጋ ይንኩ» ብላ አሳየችው። ሰውየው ስልኩንም እሷንም ተራ በተራ አየ።

«ተገልብጦብሽ የለም እንዴ? ላዙርልሽ?»

«ግድ የለም፤ ለእኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ እንዲህ ነው» አለችው።

ሴትዮዋ ሳቀች። የኔአለም ደግሞ አፉን መግታት የማያውቅ ልጅ፣ «እኔ በጎን በኩል ነኝ፤ አንገቴ እስካሁን አልቀናም» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ውጭ አስወጥተውን ተመካከሩ። ሲያስገቡን ሰብሳቢው እንዲህ አለ፦ «አብራችሁ መማራችሁን አምነናል፤ ማንም አይባረርም። ነገር ግን ፈተና የእያንዳንዱ ሰው ነው። የሥራነሽ ውጤት ተሰርዟል። አራታችሁም ሰኔ ላይ በወረቀት፣ ለየብቻ ትፈተናላችሁ።»

የክፍሏ አንደኛ ያደረጋት ውጤት ነበር። ተነሣሁ። «የእሷ የሚሰረዘው በምን ጥፋቷ ነው? እውነት ስለተናገረች?» አልኩት።

«አባቴ፣ ደንቡ ነው።»

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

በጣቱ ወደ ግድግዳው አሳየኝ። ያንተ ወረቀት። የመጨረሻው መስመር፦ «የይለፍ ቃልዎን ለማንም አያጋሩ።» ሥራነሽ ስትገለብጠው ይህችን መስመር ዘልላታለች። ስልክ ለሌለው አንድ መስመር የነፈገ እጅህ ለዚህች መስመር ቦታ አላጣም። «ቃሉን አላጋራችም፤ ከፍታ ነው መሐል ያስቀመጠችው» አልኩ። ሰብሳቢው አዘነ እንጂ አልተመለሰም። የወንድሜ ልጅ ስም ያለበት ወረቀት ሥር ቆሜ ተረታሁ። ይህን እንድታውቀው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ገዳሙ አወቀ


በርገን፣ ግንቦት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ

ጋሼ፣ ደብዳቤያችን መንገድ ላይ ተላልፏል። የእኔ አሁን ደርሶዎት ይሆናል፤ ካልደረሰም ዘግይቷል ብዬ ከማማረር ሌላ የምለው የለኝም። ሰበብ አልደረድርም፤ በየካቲት መጻፍ እችል ነበር።

ዘሪቱ ያነበበችበትን ቦታ ስደርስ ደብዳቤውን አስቀምጬ ተነሣሁ። ያ ሁሉ ዓመት ለሰው ሳወራው የኖርኩት፣ ሰው የሚስቅበት ጨዋታ ነበር፤ ዘቅዝቄ ፊደል መቁጠሬ። ወረቀቱን ስጽፍ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

አዲስ መመሪያ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ስልክና ኮምፒውተር ለሌላቸው ነው። በአንድ ስልክ ብዙ ሆነው ሲማሩ እያንዳንዱ በራሱ ስም እንዴት ገብቶ እንደሚፈተን ያስረዳል። ለኮሌጁ ከመላኬ በፊት እርስዎ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

በሥራዬ ላይ የሆነውን ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። ኅዳር ላይ ለመምጣት አስቤያለሁ።

ፍሥሐ


ሮብ ገበያ፣ ሰኔ 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለፍሥሐ የኋላሸት

ሰላምና ጤና ይስጥህ። ዝናቡ ገብቷል፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ፖስታ ቤት መድረስ ራሱ ሥራ ነው።

የሚያዝያው ደብዳቤህ የደረሰኝ ኮሚቴው ከተበተነ በኋላ ነው። የኮሌጁም እንደዚያው። በኢሜል ቢሆን ይደርስ ነበር ብለሃል። ይደርስ ነበር። በቀለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ነገም የምለው በቀለም ነው። ነገር ግን ጥር ላይ በቀለም የጠየቅኩህን የካቲት ላይ ብትመልስ ቀለሙም ይደርስ ነበር። የዘገየው ፖስታው ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በላይ አልከራከርህም። ሰብሳቢው አሮጌውን ወረቀት ከግድግዳው ራሱ እንደነቀለው ሥራነሽ ነግራኛለች።

ልጆቹ ተፈተኑ። ሥራነሽ አልፋለች፤ ውጤቷ ግን ከተሰረዘው በታች ነው። ለእሷ አላዝንም፤ እሷም አላዘነችም፤ ኮሌጁን ግን ይቅር አልልም። ዘሪቱና የኔአለም አልፈዋል። አብይ ወደቀ። ሲከራከሩ እሱ ዝም ብሎ የተስማሙበትን ይቀበል ነበር ለካ። ኮሚቴው በአንዱ እውነቱን ነበር፤ ይህን ለአብይ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ አንተም ከእኔ ስማው። ክረምቱን ዘሪቱ ታስጠናዋለች። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ መጽሐፉን ወደ እሱ አቅንታ።

አዲሱን ወረቀትህን አየሁት። ማየት ብቻ አይበቃም ብዬ የሥራነሽን ስልክ ተቀበልኩና ወረቀቱ ባዘዘኝ መንገድ እኔው ጀመርኩ። «አባባ፣ ልርዳህ?» ብትለኝ ከለከልኳት፤ ወረቀቱ ካልረዳኝ ወረቀት አይደለም። ጣቴ ወፍራም ስለሆነ አንዱን ስነካ ሌላው ይከፈታል፤ ተሳድቤያለሁ። ቢሆንም ገባሁ። ሥራነሽ ትመስክር። ግን ያበላሸኸው ነገር አለ። ስልኩን ለሚቀጥለው ሰው ከመስጠትህ በፊት ከገጹ ውጣ የሚለውን የጻፍከው መጨረሻ ላይ ነው። ልጆቹ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ስልኩ እጅ ለእጅ ዞሯል፤ የአንዱ መልስ በሌላው ስም ይገባል፤ የዘንድሮው ጣጣ እንደገና ይመጣል። ወደ ላይ አምጣው። ትልቅ አድርገህ ጻፈው። ያን ካስተካከልክ በኋላ ለኮሌጁ ላክ። በኢሜልም ቢሆን ላክ፤ እሱ ፊርማ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው።

ሦስቱን ስልክ አሁን መላክ ትችላለህ። ነገሩ አልቋል።

ሥራህን በሚመለከት አልጠየቅኩህም፤ አልጠይቅህምም። ስትመጣ ትነግረኛለህ። ቁጣዬ አልበረደም፤ እስከ ኅዳር ድረስም የሚበርድ አይመስለኝም። ቢሆንም ና። ዳዊቱ ከነማኅደሩ እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በመጣህ ማግስት አውርደን መሐል እናስቀምጠዋለን። በእኔ በኩል እንዳትቀመጥ። ቦታህ ማዶ ነው።

አጎትህ ገዳሙ አወቀ